ጅማ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ለመስጠት፦ ከምዝገባ እስከ ኮሮጆ

የመራጭነት ካርድ ያላወጣ ሰው በምርጫው ዕለት ምን ቢለምን ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ የምርጫ ቦርድ የምዝገባውን ቀን ይፋ እንዳደረገ ተነሱ፤ የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቁ።

በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ ይመዘገባል። የቀበሌ መታወቂያ፣ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ያዙ። ምንም ሰነድ የሌለውም በሰው ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድ አለና ተስፋ አትቁረጡ።

ወጣቶችን ይበልጥ የሚያስቸግረው የት እንደሚመዘገቡ መወሰን ነው። ካርዱ የሚሠራው በወጣበት የምርጫ ጣቢያ ብቻ ነው። ጅማ ውስጥ ሄርማታ ሰፈር ተከራይቶ እየኖረ ወላጆቹ ዘንድ አጋሮ ከተማ የተመዘገበ ልጅ በምርጫው ቀን አጋሮ መገኘት ግድ ይሆንበታል። 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነበር፤ ሰኔ ደግሞ ጅማ ላይ ዝናብም ፈተናም የሚበዛበት ወር ነው። እናም «በዚያን ቀን በእርግጥ የት እሆናለሁ?» ብላችሁ አስቡና የ6 ወሩን መስፈርት የምታሟሉበትን ቦታ ምረጡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በግቢያቸው ልዩ ጣቢያ መከፈቱን አስቀድመው ይጠይቁ። ለመጠባበቂያ ብሎ ሁለት ቦታ መመዝገብ ግን ወንጀል ነው።

አንድ ጣቢያ ከ1,500 በላይ መራጭ አይመዘግብም። በዚህ ምክንያት በአንድ ቀበሌ ብዙ ጣቢያ ይኖራል፤ የጓደኛችሁ ጣቢያ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ካርዱን እንደተቀበላችሁ ስማችሁን እዚያው አንብቡ፤ ስህተት ካለ ወዲያው አሳርሙ። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ሲሆንም ሄዳችሁ ስማችሁን እዩ። ካርዱን ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ ጠቅልሉት።

እስከዚያው የዕጩዎቹን መወዳደሪያ ምልክት አጥኑ። በወረቀቱ ላይ ቶሎ የሚለየው ምልክቱ ነው።

ጣቢያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል፤ በማለዳ መሄድ ይሻላል። ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሲመጡ ቅድሚያ ስጡ። መዝጊያው ሰዓት ሲደርስ ሰልፍ ላይ ያለ መራጭ ድምፁን ሳይሰጥ አይመለስምና ሰልፉን ጥላችሁ አትሂዱ።

ካርዳችሁና መዝገቡ ከተመሳከሩ በኋላ ፈርማችሁ፣ ጣታችሁ ላይ የማይለቅ ቀለም ተቀብታችሁ ሁለት ወረቀት ትቀበላላችሁ፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለጨፌ ኦሮሚያ። እዚህ ላይ ተረጋጉ። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚመረጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሁለት ዕጩ ላይ ምልክት ካደረጋችሁ ድምፁ ዋጋ አይኖረውም። ለጨፌ ግን ከአንድ የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ሰው ሊመረጥ ስለሚችል ስንት እንደሚመረጥ ወደ መጋረጃው ከመግባታችሁ በፊት አስፈጻሚውን ጠይቁ። የ«X» ምልክት ወይም የጣት አሻራ በመረጣችሁት ዕጩ ሳጥን ውስጥ ብቻ ይሁን። ስማችሁን ወይም ፊርማችሁን በወረቀቱ ላይ አትጻፉ፤ የማን ድምፅ እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ወረቀቱን ያስጥላል። ከተሳሳታችሁ ኮሮጆ ውስጥ ሳትከቱ መልሱና ምትክ ጠይቁ። ማንን እንደመረጣችሁ ለማንም፣ ለቤተሰብም ቢሆን፣ የማሳየት ግዴታ የለባችሁም፤ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱ የሚላችሁን ሰው እምቢ በሉ።

ወረቀቶቹን አጥፋችሁ እያንዳንዱን በየኮሮጆው ክተቱ። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ይካሄድና ውጤቱ በር ላይ ይለጠፋል፤ ሄዳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።