ሲጨንቃችሁ ወዴት ትሸሻላችሁ?
ሰውን በ9 የባሕርይ ዓይነቶች የሚከፍለውን የኤኒያግራም መጠይቅ ሞልታችሁ ከዘጠኙ በሁለቱ መሐል ከተወዛገባችሁ፣ ደህና የዋላችሁበትን ቀን ተዉትና የተጨነቃችሁበትን ሳምንት አስታውሱ። በዚህ አስተሳሰብ እያንዳንዱ ዓይነት ሲወጠር የሌላውን ክፉ ጠባይ ይዋሳል፤ ሲረጋጋና ሲያድግ ደግሞ የሌላኛውን መልካም ጠባይ ይይዛል።

1 ቁጥርን (ሁሉ ነገር እንከን የለሽ ይሁን ባዩን) እና 2 ቁጥርን (ሰው መርዳት የሚወደውን) ውሰዱ። ሁለቱም ለሰው ሲሉ ደፋ ቀና ይላሉ፣ በደህና ቀን ለመለየት ያስቸግራሉ። ሲጨንቃቸው ግን 1 ቁጥር ወደ 4፣ ወደ ስሜተኛው፣ ይሄዳል፦ ጋቢውን ተከናንቦ ያኮርፋል፣ "ማን ይረዳኛል" ይላል። 2 ቁጥር ወደ 8፣ ወደ ኃይለኛው፦ ትናንት ስታጎርሳችሁ የነበረችው "ለእናንተ ስል አይደል እንዴ!" ብላ ትጮሃለች። እኔ ባለ ጋቢው ነኝ። የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ የሚያውቅ ብርዱ ነው ይለኝ ይሆናል፤ ግን በግንቦትም እንደዚያው ነኝ።

የ1 ቁጥር ማደጊያው 7፣ ጨዋታ ወዳዱ፣ ነው፤ ማለትም ዘና ማለት። ስለዚህ ኩርፊያው ሲጀማምረኝ የያዝኩትን ጥዬ ጎረቤት ቡና እሄዳለሁ። ወጡ ቢያርም ይረር።

ሳይንሳዊ ማስረጃው ጠንካራ ስላልሆነ ሠራተኛ ለመቅጠርም ሆነ እጮኛ ለመምረጥ አትጠቀሙበት። ጭንቀቱ ለሳምንታት እንቅልፍ ከነሳችሁ ደግሞ ቁጥሩን ተዉትና ጤና ጣቢያ ሂዱ።