ከባድ ውሳኔን በጸሎት መመዘን፦ የቅዱስ ኢግናጢዮስ መንገድ

ሰው ነጻ ፈቃድ ስላለው ብቻ ሁልጊዜ በነጻነት ይመርጣል ማለት አይደለም። ፍርሃት፣ የቆየ ልማድ፣ የዘመድ ግፊት ፈቃድን ያስራሉ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁጥር 1735) እነዚህ ተጠያቂነትን ሊቀንሱ እንደሚችሉ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1521 በስፔን ከተማ ፓምፕሎና ላይ በመድፍ የቆሰለው ወታደር፣ ኋላም የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች የሆነው ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ «መንፈሳዊ ልምምዶች» የተባለውን የጸሎት መመሪያ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ በ1548 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ አጸደቁት። በውስጡ ያለው የምርጫ ሥርዓት ዋና ሥራው ይህን እስራት መፍታት ነው።

መጀመሪያ ጉዳዩ የሚመዘን መሆኑን ያረጋግጡ። ለምርጫ የሚቀርበው መልካም የሆነ ወይም ቢያንስ በራሱ ክፉ ያልሆነ ነገር ብቻ ነው። ልጆችን ለአያት ትቶ ለሥራ ዓረብ አገር መሄድ ይመዘናል። በሐሰተኛ ሰነድ መሄድ ግን አይመዘንም፤ ቤተሰብን የመርዳት አሳብ ውሸቱን እውነት አያደርገውም። በተክሊል የጸና ጋብቻና የተቀበሉት ክህነትም እንደገና ለምርጫ አይቀርቡም።

ከዚያ ጥያቄውን «አዎ» ወይም «አይ» በሚመለስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። «ሕይወቴን ምን ላድርገው?» መልስ የለውም፤ «የቀረበልኝን የሁለት ዓመት ውል ልፈርም?» አለው።

አሁን ከባዱ ክፍል ይመጣል። ልብ እንደ ሚዛን ምላስ መካከል ላይ መቆም አለበት። ራስዎን «እግዚአብሔር ተቃራኒውን ቢፈልግ እሺ እላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አይ» ከሆነ ወደ ፊት አይሂዱ። ልብዎ የተጣበቀበትን ነገር፣ ደመወዙም ይሁን የጎረቤት አድናቆት፣ በጸሎት በስሙ ይጥሩት። ኢግናጢዮስ ልብ ወደ አንድ ወገን ሲያደላ ተቃራኒውን አጥብቆ መለመን ይገባል ይላል። ቀናት ቢወስድም አይቸኩሉ። አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ ሰው በልቡ ወስኖ ይጨርስና እግዚአብሔር እንዲፈርምለት ይጸልያል።

ልብ ሲረጋ ወረቀት ለአራት ይክፈሉ፦ የመሄድ ጥቅም፣ የመሄድ ጉዳት፣ የመቅረት ጥቅም፣ የመቅረት ጉዳት። «የመሄድ ጉዳትና የመቅረት ጥቅም አንድ ነው» ብለው ሁለቱን አይዝለሉ። «ልጆቼ እናታቸውን ያጣሉ» የመሄድ ጉዳት ነው፤ «የታመመ አባቴን አስታምማለሁ» ደግሞ የመቅረት ጥቅም፤ አንዱ ሌላውን አያሳይም። ሲጨርሱ ነጥቦቹን አይቁጠሩ። ከአሥር የምቾት ምክንያቶች አንድ እውነተኛ ግዴታ ሊበልጥ ይችላል። በእያንዳንዱ ጎን «ይህ ወደ እግዚአብሔርና ወደ ባልንጀራ ፍቅር ይመራኛል ወይስ ክብሬን ይጠብቅልኛል?» የሚለውን መልስ ይጻፉ።

አሁንም ካልለየ ሦስት ነገር ያስቡ። አይተውት የማያውቁት፣ መልካሙን ብቻ የሚመኙለት ሰው በዚሁ ጉዳይ ቢያማክርዎ ምን ይሉታል? በሞት አልጋ ላይ ሆነው የትኛውን መርጬ ቢሆን ይላሉ? በፍርድ ቀንስ?

የደረሱበትን በጸሎት ለእግዚአብሔር ያቅርቡና እንዲያጸናው ይለምኑ። ከማንኛውም ውሳኔ በኋላ የሚመጣውን እፎይታ ከሰላም ጋር አያምታቱ። እፎይታ ከጭንቀት መገላገል ነው፤ ጥያቄው እንደገና ሲነሣ ይጠፋል። ሰላም ግን ውሳኔው የሚያስከፍለውን እያዩትም ይቆያል፤ ለጸሎትና ለሥራም ብርታት ይሰጣል።

ድርቀት ሲመጣ፣ ጸሎት ሲከብድና ተስፋ ሲደበዝዝ፣ በደህና ጊዜ የወሰኑትን አይለውጡ፤ ጸሎቱን ጥቂት ያርዝሙ እንጂ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ንስሐ አባትዎ ሲሄዱም፣ «ይህንን እንኳ ባልናገረው» ከሚሉት ነጥብ ይጀምሩ። ኢግናጢዮስ እንደሚለው ጠላት በስውር መቆየትን ይወዳል፤ የተደበቀው ሲገለጥ ዕቅዱ ይፈርሳል።