ሳምፕላችሁን በቡድን ከፋፍላችሁ ልታወዳድሩ ከሆነ ይሄን አንብቡ

የቴሲስ ሰሞን ሁሉም ሰው «ሳምፕል ሳይዜ (የምጠይቀው ሰው ብዛት) 384 ነው» ብሎ ነው የሚመጣው። ቁጥሩ ልክ ነው፣ 95% ኮንፊደንስ፣ 5% ማርጂን ኦፍ ኤረር (ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳሳት የሚችልበት መጠን)፣ ፒ (የምትለኩት ነገር ያለው ሰው ድርሻ) 0.5 ስታደርጉ የሚወጣ ነው፣ ግን የሚሰራው ለጠቅላላው ውጤት ብቻ ነው እንጂ ቻፕተር 4 (የውጤቱ ምዕራፍ) ላይ በጾታ በዲፓርትመንት በገቢ እየቆራረጣችሁ ለምታወጡት አይደለም።

ስለዚህ ፎርሙላ ከመንካታችሁ በፊት መጨረሻ ላይ የምታወጡትን ቴብል ባዶውን ሳሉት፣ እያንዳንዱ ረድፍ ለብቻው ስንት ሰው ይኖረዋል በሉ።

ለምሳሌ 2,700 የቀንና 300 የማታ ተማሪ አለ እንበል። በያማኔ ፎርሙላ (የሕዝቡ ብዛት ሲካፈል ለ«1 + ብዛቱ × የስህተቱ ካሬ»፣ ስህተቱ እዚህ 0.05) ለ3,000ው 353 ይወጣል፣ በየድርሻቸው ስታከፋፍሉት ለማታው 35 ሰው ይደርሰዋል። በ35 ሰው ደግሞ ስህተቱ ወደ 16 ፐርሰንት ነው፣ ማለትም «40% ረክተዋል» ብላችሁ የጻፋችሁት ከ24 እስከ 56 የትም ሊሆን ይችላል፣ ምኑ ይወዳደራል? መፍትሄው ፎርሙላውን ለየቡድኑ ለየብቻ መስራት ነው፦ ለማታው 172፣ ለቀኑ 349፣ ድምር 521። የማይመልስ ስለማይጠፋ በየቡድኑ 10% ጨምሩ፣ በክላስተር (ሰው በሰው ሳይሆን ሙሉ ክፍል ወይ ቀበሌ እያነሳችሁ) የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ በዲዛይን ኢፌክት (አንድ ላይ ያሉ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ለማካካስ በሚጨመር ማባዣ) አባዙ፣ እኛ ሀገር ብዙ ሰው 1.5 ወይ 2 ይወስዳል።

እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም (ኢዲኤችኤስ) ያደረገው ይሄንኑ ነው። 15,683 ሴቶች ተጠይቀዋል፣ በሕዝብ ብዛት ብቻ ቢከፋፈል ኖሮ ግን ሐረሪ እ.ኤ.አ. በ2007ቱ ቆጠራ 183 ሺህ ሰው ገደማ ስለሆነች 40 ሴት እንኳ አይደርሳትም ነበር፣ ስለዚህ ትንንሾቹ ክልሎች ከድርሻቸው በላይ ተወስዶላቸው በኋላ በዌይት (የእያንዳንዱን ቡድን መልስ ወደ እውነተኛ ድርሻው በሚመልስ ማባዣ) ተስተካከለ።

ይቺ ዌይት የምትባለዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። ከ521ዱ ውስጥ ማታው 33% ሆኗል፣ እውነተኛ ድርሻው ግን 10% ነው። ከቀኑ 20%፣ ከማታው 60% «ስራ አለኝ» ቢል ዝም ብላችሁ ስትደምሩ 33% ይወጣል፣ ትክክለኛው 24% ነው። ዌይቱ የቡድኑ ጠቅላላ ቁጥር ሲካፈል ለናሙናው ነው፣ ለቀን 2,700 ለ349 ማለትም 7.74፣ ለማታ 1.74። ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) ላይ እንዳለ ካስገባችሁት ግን 3,000 ሰው የጠየቃችሁ ይመስለውና ሁሉንም ነገር ሲግኒፊካንት (በአጋጣሚ ያልመጣ ልዩነት) ያደርግላችኋል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ለአማካዩ 5.76 አካፍሏቸው፣ 1.34 እና 0.30 ይሆናሉ። ቡድኖቹን ለየብቻ ስታወጡ ዌይት አያስፈልግም፣ ስትደምሯቸው ነው።

ብር ካጠራችሁ ለትንሹ ቡድን 10% ስህተት ተቀበሉ፣ 75 ሰው ይበቃል፣ ወይ ተቀራራቢ ቡድኖችን አዋህዱ። አድቫይዘራችሁ ቁጥሩን ለመሙላት ቴሌግራም ላይ ሊንክ ልቀቁ ቢላችሁ ግን እሺ አትበሉ፣ ደስ ያለው ብቻ የሞላው ፎርም 2,000 ቢደርስም ማንን እንደሚወክል አይታወቅም።