ያገለገለ የሞተር ጀልባ ልትገዙ ነው?

ጅማ ሆናችሁ ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ ዓሣ ለማጥመድ ያገለገለ የሞተር ጀልባ የምትፈልጉ፣ በቀለሙ አትታለሉ። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ፤ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ የታችኛውን ክፍሉን በርሜል ውሃ ውስጥ አስነክራችሁ ራሳችሁ አስነሱት። ያለ ውሃ ግን በፍጹም! ሲሠራ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ሳያቋርጥ መፍሰስ አለበት፤ ካልፈሰሰ ወይ የውሃ ፓምፑ ተበልቷል ወይ መስመሩ ተደፍኗል።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ከታች የማርሽ ዘይቱን ጠብ አድርጉ። ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ እኔ ብሆን ዋጋም አልከራከር፣ ትቼው እሄዳለሁ። ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃም በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጉት፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ እንጨቱ በስብሶ ሊሆን ይችላል።

ባሕር ላይ የሠራ ከሆነ የጨው ዝገቱን ፈትሹ። ሐይቁ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ደግሞ ሞተሩ እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ትንሽ ከፍ ያለውን ሞተር ምረጡ።