ለጋራ ፋይሎች የዳታቤዝ ሰርቨር እንዴት እናዘጋጃለን?

ሰነድ የሚጋሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የጋራ ፎልደር ይጀምራሉ። ሥራው ሲበዛ «ውል የመጨረሻ»፣ «ውል የመጨረሻ 2»፣ «ውል ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ይደረደራሉ። የትኛው እንደጸደቀ፣ ማን እንደነካካው በእርግጠኝነት የሚናገር ይጠፋል። ዳታቤዝ፣ ማለትም መረጃን በሥርዓት መዝግቦ የሚይዝ ሶፍትዌር፣ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። እኔ የምመርጠው ፖስትግሬስን ነው። በነፃ ይገኛል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቢሠራበትም ይችላል።

1. ፋይሉ የት ይቀመጥ?

ፋይሎቹን ራሳቸውን ዳታቤዙ ውስጥ አትክተቱ። ማስገባት ይቻላል፤ ግን ዳታቤዙ ያብጣል፣ ባክአፑም (የመጠባበቂያ ቅጂው) ይንቀራፈፋል። ፋይሉ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ዳታቤዙ ስሙን፣ ባለቤቱን፣ የገባበትን ቀን፣ መጠኑንና አሻራውን ይያዝ። አሻራ የምለው ኤስኤችኤ 256 የሚባለው ስሌት ከፋይሉ ይዘት የሚያወጣውን የ64 ፊደልና ቁጥር ድርድር ነው። ሰነዱ ውስጥ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል።

ዲስኩ ላይ ፋይሉን በዚሁ አሻራ ሰይሙት። ሰው የሚያየው ስም ዳታቤዙ ውስጥ ይኑር። እንዲህ ከሆነ የተስተካከለ ፋይል በአዲስ ስም ስለሚገባ የድሮው አይደመሰስም። ይህ ባክአፕ ላይ ስንደርስ በጣም ይጠቅመናል።

«ሰርቨር ለምን? የኤስኪውላይት ፋይል ሼር ላይ ብናስቀምጥስ?» የሚል አይጠፋም። ያለ ሰርቨር በአንድ ፋይል ብቻ የሚሠራው ዳታቤዝ ኤስኪውላይት ግሩም ነገር ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። በኔትወርክ በተጋራ ዲስክ ላይ የፋይል መቆለፊያው ሁልጊዜ ስለማይታመን ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲጽፍ ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል።

2. መጫንና በሩን መክፈት

ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ሲስተሞች ላይ ፖስትግሬስ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። ሲጫን ከራሱ ማሽን የሚመጣን ጥሪ ብቻ ነው የሚሰማው። ዋናው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ የሰርቨሩን የውስጥ ኔትወርክ አድራሻ ጨምሩና ሪስታርት አድርጉ። ፖርቱ (ጥሪ የሚቀበልበት በር ቁጥር) 5432 ነው። ፋየርዎሉ (ከኔትወርክ የሚመጣውን ጥሪ የሚያጣራው መከላከያ) ላይ ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ክፈቱት፤ ለኢንተርኔት ፈጽሞ አትክፈቱት።

ማን ከየት እንደሚገባ የሚወስነው ሌላ ፋይል ነው፤ ፒጂ ኤችቢኤ ይባላል። ሰርቨሩ ከላይ ወደ ታች ያነበዋል። መጀመሪያ ያገኘው የሚገጥም መስመር ይወስናል፤ ከሱ በታች ያለውን አያይም። ስለዚህ ለሙከራ ብላችሁ አናት ላይ «ትረስት» የሚል መስመር ብትተዉ፣ ያ መስመር የሚመለከተው ሁሉ ያለ ፓስወርድ ይገባል። ከታች የጻፋችሁት ጥብቅ ደንብ ምንም አያድናችሁም። በ«ትረስት» ፋንታ ስክራም የሚባለውን የፓስወርድ ዘዴ ተጠቀሙ።

3. ዩዘሮች

በዋናው አስተዳዳሪ ዩዘር የዕለት ሥራ አይሠራም። «አንባቢ» እና «ጸሐፊ» የሚሉ ሁለት ቡድኖች ፍጠሩ፣ ፈቃዱን ለቡድኑ ስጡ፣ ሰዎችን ቡድን ውስጥ አስገቡ። ሰው ሲለቅ ከቡድኑ ማውጣት ብቻ ነው። የፋይሎቹን ፎልደር ደግሞ ሰዎች ፋይል የሚያስገቡበትና የሚያወጡበት ፕሮግራም ብቻ ይድረስበት፤ ሰው በጓሮ በር ከገባ ምዝገባው ዋጋ የለውም።

ፖስትግሬስን በማውስ ለማስተዳደር የሚያገለግለው ፒጂአድሚን ለማየት ይመቻል። ለውጥ ስታደርጉ ግን ትእዛዞቹን ፋይል ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። በማውስ የተደረገ ለውጥ ከወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

4. ባክአፕ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ዳታቤዙና ፋይሎቹ የተለያየ ቦታ ስለሆኑ ባክአፑም ሁለት ነው፤ ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ፋይሎቹን አስቀድማችሁ ቀዳችሁ እንበል። ቅጂው አንዱን ፎልደር ጨርሶ ካለፈ በኋላ አንድ ሰው እዚያው ፎልደር ውስጥ አዲስ ውል አስገባ። ቀጥሎ ዳታቤዙን ስትቀዱ ውሉ ተመዝግቧል። ባክአፑን የመለሳችሁ ቀን ውሉ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ ሲከፈት ግን ፋይሉ የለም። ይህን የምታውቁትም ምናልባት ከወራት በኋላ፣ ውሉ የግድ ሲፈለግ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ዳታቤዙን ፒጂ ዳምፕ በሚባለው የፖስትግሬስ መቅጃ ቅዱ። ሰዎች እየሠሩም ቢሆን፣ ሲጀምር የነበረውን መልክ ሳያዛባ ይዞ ይጨርሳል። ከዚያ ፋይሎቹን አርሲንክ በሚባለው የፋይል መቅጃ ቅዱ። በመሃል የገባ ፋይል ትርፍ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ አይጎዳም።

ይህ የሚሠራው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ፋይሉን መጀመሪያ ዲስክ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ዳታቤዙ ላይ ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ «ይጥፋ» የተባለ ፋይል ወዲያው አይጥፋ። ዳታቤዙ ላይ ምልክት ተደርጎበት ለምሳሌ 30 ቀን ይቆይ።

ፒጂ ዳምፕ ዩዘሮችንና ፓስወርዶችን አይቀዳም፤ እነሱን ፒጂ ዳምፕ ኦል በሚባለው ለብቻ ቅዱ። ሰርቨሩ እየሠራ የፖስትግሬስን ፎልደር እንዳለ ኮፒ ማድረግ ደግሞ ባክአፕ አይባልም፤ ሲመለስ የማይነሳ ዳታቤዝ ሊሆን ይችላል። ሬይድም፣ ማለትም አንዱን ፋይል በሁለት ዲስክ ላይ እኩል መጻፍ፣ ባክአፕ አይደለም፤ በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ይጠፋል። ቢያንስ አንድ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ይኑር።

በየወሩ ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ መልሱት። ከዚያ የእያንዳንዱን ፋይል አሻራ እንደገና አስልታችሁ ዳታቤዙ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ተመዝግቦ የጠፋ ወይም አሻራው ያልገጠመ አንድ ፋይል እንኳ ካለ፣ ምክንያቱን ሳታገኙ አትለፉት።

5. የዕለት ተዕለት ክትትል

ኦቶቫኪዩምን፣ ማለትም የተሰረዙና ያረጁ መዝገቦችን በራሱ የሚያጸዳውን የፖስትግሬስ ክፍል፣ አታጥፉ፤ ሰርቨሩ ከበደው ብሎ የሚያጠፋው ሰው ቆይቶ የባሰ መንቀራፈፍ ይገጥመዋል። የዳታቤዙንና የፋይሎቹን ዲስክ ለዩ። አንድ ላይ ከሆኑ፣ ሰው ትልልቅ ቪዲዮ ሲጭን ዲስኩ ይሞላና ዳታቤዙም አብሮ ይቆማል። ዲስኩ 80 በመቶ ሲደርስ ኢሜይል የሚልክ ማስጠንቀቂያ ዛሬውኑ አስገቡ።