ፍሮንት ዊል ወይስ ኦል ዊል? ትንሽ ክሮስኦቨር ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሁለት ትንንሽ ክሮስኦቨሮች፣ ማለትም ከመሬት ከፍ ያሉ የቤት መኪኖች፣ ፊታችሁ ቆመዋል እንበል። ሞዴሉ ያው ነው፣ ሞተሩም ያው። አንዱ (ፍሮንት ዊሉ) ግን በፊት ሁለት ጎማዎች ብቻ ይሄዳል፣ ሌላው (ኦል ዊሉ) አራቱንም ያሠራል። «ትንሽ ጨምሬ ኦል ዊሉን ልውሰድ እንዴ?» ጥያቄው ጥሩ ነው። የሚበላሸው መልሱ ላይ ነው።

ኦል ዊል ቶሎ ያቆማል ብሎ ማመን

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ፍሬን በማንኛውም መኪና ላይ አራቱንም ጎማ ይይዛል፣ ፍሮንት ዊል ሆነ ኦል ዊል ለውጥ የለውም። ኦል ዊል የሚጠቅመው ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ነው። በዝናብ ለማቆም ግን የምትተማመኑት በጎማው ነው። እንዲያውም ኦል ዊል ያዘናጋል። በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚነሳ መንገዱ ደህና ይመስላል፣ ሹፌሩም ነዳጅ ይጨምራል። የሚባንነው ፍሬን ሲረግጥ ነው። እኔ ብሆን ጥርሱ ያለቀ ጎማ ካለው ኦል ዊል ይልቅ ደህና ጎማ ያለውን ፍሮንት ዊል እወስዳለሁ።

ኦል ዊልን ከፎር ዊል ጋር ማምታታት

እንደ ሱዙኪ ጂምኒ ያለ መኪና ለድንጋይና ለአስቸጋሪ ዳገት «ሎው» የሚባል ተጨማሪ ማርሽ አለው። ትንንሽ ክሮስኦቨሮች ላይ ይሄ ብዙም አይገኝም። አብዛኞቹ በደረቅ መንገድ ላይ ሥራውን ለፊት ጎማ ነው የሚተዉት። እርጥብ ሣር ያለበት ዳገት ላይ ስትወጡ የፊት ጎማ ትንሽ ባዶውን ይዞራል፣ ሣሩን ይገሸልጣል። ያኔ ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ጉልበት የሚያስተላልፈውን ፍሪሲዮን ያጣብቀዋል፣ እናንተም ከኋላ ገፋ ሲያደርጋችሁ ይሰማችኋል። አዳዲሶቹ ሳይንሸራተቱ በፊት ቀድመው ይይዛሉ። ግን ጭቃ ውስጥ ብዙ ከታገላችሁ ያ ፍሪሲዮን ይግላል፣ ራሱን ለማዳን ሥራ የሚያቆምም አለ። ሌላም ነገር አለ፦ ከመሬት ያለው ከፍታ ብዙ ጊዜ ከፍሮንት ዊሉ ጋር እኩል ነው። ሆዱ ጭቃ ላይ ከተቀመጠ አራቱም ጎማ ቢዞር ምን ዋጋ አለው?

ሁለት ጎማ ብቻ መቀየር

ፍሮንት ዊል ላይ ሁለት ሁለት መቀየር የተለመደ ነው። ኦል ዊል ላይ ግን ሂሳቡን እዩት። የጎማው ዲያሜትር አዲስ ሳለ 680 ሚሊሜትር ነው እንበል። ጥርሱ 5 ሚሊሜትር ሲበላ ዲያሜትሩ 670 ይሆናል። ፊት አዲስ ኋላ አሮጌ ካደረጋችሁ አሮጌዎቹ በየኪሎሜትሩ 7 ዙር ያህል ትርፍ ይዞራሉ። ያን ልዩነት የሚሸከመው ፍሪሲዮኑና ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) ነው። አምራቾች አራቱም ጎማ በመጠንም በአበላልም እንዲቀራረብ የሚያሳስቡት ለዚህ ነው። አንድ ጎማ ተቀዶ ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ አራቱንም ልትቀይሩ ትችላላችሁ ማለት ነው።

የኋላ በር ላይ ያለውን «ኦል ዊል» የሚል ጽሑፍ ማመን

ያገለገለ መኪና ከሆነ ጎንበስ በሉና በኋላ ጎማዎቹ መሃል እዩ። ኦል ዊል ከሆነ መሃል ላይ የዲፈረንሻል ቤት አለ፣ ከሱ ወደ ሁለቱም ጎማዎች ዘንግ ይሄዳል። እንደ ቶዮታ ራቭ ፎር ሃይብሪድ ባሉት ላይ ከፊት የሚመጣውን ረጅም ዘንግ አትፈልጉ። የኋላውን የሚያዞረው ለብቻው የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ጽሑፍ ማንም ይለጥፋል።

ወጪው ሲገዙ ብቻ ይመስላል

ኦል ዊል ክብደት ይጨምራል፣ የነዳጅ ፍጆታ ይጨምራል፣ የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት ይመጣል። ከተበላሸም ሁለት ጎማ አንጠልጥሎ መጎተት አይሆንም፤ ሙሉ በሙሉ መጫን አለበት።

ፍሮንት ዊልን መናቅ

የሞተሩ ክብደት የሚጎትቱት ጎማዎች ላይ ስላረፈ ፍሮንት ዊል ከሚታማው በላይ ይይዛል። ድክመቱ የሚታየው ዳገት ላይ ነው፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሽና ፊቱ ይቀላል። ኋላ ሦስት ሰውና ሻንጣ ሲጨመር ይብሳል። በነገራችን ላይ በአንዳንድ ሞዴል ልዩነቱ ጎማ ማዞር ብቻ አይደለም። 2010 የወጣው የመጀመሪያው ኒሳን ጁክ ኦል ዊሉ ላይ የኋላ እግሩ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክፍል) የተለየና የተሻለ ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ነድታችሁ እዩ፣ ግን ብቻችሁን አይደለም። መቀመጫውን በሰው ሙሉትና የምትፈሩትን ዳገት ውጡበት፣ ከተቻለ ዝናብ ባባራ ማግስት።