ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከመውረዱ በፊት፦ የአሮጌ ላንድክሩዘር ድምፅ እንዴት ይለያል

ደባርቅን አልፌ ሊማሊሞን መውረድ ስጀምር ነው መጀመሪያ የሰማሁት። መኪናዋ አሮጌ 75 ላንድክሩዘር ፒካፕ ናት፤ 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር ናፍጣ፣ ባለ 5 ማርሽ። ቁልቁለቱን በ2ኛ ይዤ ነዳጅ ስለቅ ከወንበሬ ስር «ኳ» ይላል፤ መልሼ ስሰጥ እንደገና «ኳ»። አዲ አርቃይ እስክንደርስ ረዳቴ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ግቢው ውስጥ አንዴ ዞር አድርጎ መለሳትና «ጋሼ፣ ካምቢዮው አልቆለታል» አለኝ። አወረደው። ኩሽኔታ ተቀየረ፣ ሲንክሮ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስማማው ቀለበት) ተቀየረ፣ ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁ። ከበሩ ሳልወጣ «ኳ»። ለካስ የኋላው ትራንስሚሽን፣ ማለትም ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅም ዘንግ፣ ክሮቸራው (መታጠፊያ መገጣጠሚያው) ነው! የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ ራሴ ሳልሞክር ማንም ቁልፍ አያነሳባትም።

መጀመሪያ መኪናውን ባዶ አድርጉ። ክሪኩን፣ የክሪኩን እጀታ፣ ከወንበር ስር ያለውን ብረታ ብረት ሁሉ አውጡ። ሳቁ እንጂ፣ እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ካምቢዮ ነው ያልኩት ድምፅ የክሪክ እጀታ ሆኖ ተገኝቷል። የማርሹ ዘንግ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነም በእጃችሁ ጫን አድርጉት፤ ድምፁ ከጠፋ ያለቀው ከዘንጉ ስር ያለችው ቡሽ ናት፤ ርካሽ ናት፣ ከላይ ትቀየራለች።

ቀጥሎ ዘይት። ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ካምቢዮው ሲቀዘቅዝ፣ መሙያውን ቡሎን ፍቱ። ማፍሰሻውን ቀድሞ የፈታ፣ በኋላ መሙያው አልፈታ ብሎት መኪናውን ባዶ ካምቢዮ ይዞ ያቆመ ሰው አውቃለሁና ሁልጊዜ ከመሙያው ጀምሩ። ጣታችሁን አስገቡ፤ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ እኩል መሆን አለበት። ከኋላ ያለውን ትራንስፈር (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለውን ሳጥን) ሳታዩ ግን አትነሱ። በእነዚህ መኪናዎች በሁለቱ መካከል ያለው ፓራዮሊ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ሲያልቅ ዘይት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። አንዱ ሲከፈት ዘይቱ ሞልቶ ይፈሳል፣ ሌላው ይደርቃል፤ መሬት ላይ ግን አንዲት ጠብታ አታዩም። እንዲህ ካገኛችሁት ሞልቶ መሄድ ለጊዜው ነው፤ ፓራዮሊው መቀየር አለበት።

ከዚያ ማፍሰሻውን ፈታችሁ የሚወጣውን ዘይት በነጭ ሳህን ተቀበሉት። ማግኔት ላይ እንደ ቅባት የተለጠፈ ግራጫ ብናኝ የተለመደ ነው፣ አያስደነግጥም። በጥፍር የሚነሳ የብረት ስባሪ ከታየ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየሄደ ነው። ፀሐይ ላይ የሚያብለጨልጭ ወርቃማ ብናኝ የሲንክሮ ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ የጋለ ካምቢዮ ወንዝ ውስጥ በድንገት ሲቀዘቅዝ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ በፓራዮሊው በኩል ውሃውን ይጠጣል።

ዘይቱ ደህና ከሆነ ዋናው ምርመራ እግራችሁ ላይ ነው። ቆማችሁ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡ)፣ ማርሹ ፎሌ (ምንም ማርሽ ሳይገባ)። ፍሪሲዮኑን ሳትረግጡ «ግርርር» የሚል ካለና ስትረግጡት ዝም ካለ፣ ከሞተር የሚገባው ዘንግ ወይም የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ ስትረግጡ እነሱ ስለሚቆሙ። ተገላቢጦሹ፣ ማለትም ስትረግጡ ጊዜ የሚጮኸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው፤ የካምቢዮው ሆድ አይነካም። ረግጣችሁ ጥቂት ሰከንድ ቆይታችሁ ኋላ ማርሽ ስታስገቡ አሁንም የሚፈጭ ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፤ ፈሳሹንና አየር መግባቱን እዩ።

ከዚያ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ የትራንስፈሩን ትንሽ ማንሻ ፎሌ ላይ አድርጉ። ታኮውን አትርሱ፤ ትራንስፈር ፎሌ ላይ ሲሆን ማርሽ ማስገባት መኪናውን አይይዘውም። አሁን 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እያላችሁ አስገቡ። መኪናው ቆሞ ካምቢዮው ይዞራል። ድምፁ እዚህ ከተሰማ አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮው ውስጥ ነው። ካልተሰማ ግን ገና አትፍረዱ፤ አንዳንዱ ጥርስ ጭነት ካልተሰጠው አያወራም።

ስለዚህ መንገድ ላይ ውጡ። አቀበት ፈልጉ። በ4ኛ ማርሽ ጉልበቱ በቀጥታ ያልፋል፣ የታችኛው ዘንግ ጭነት አይሸከምም። በ2ኛና በ3ኛ እያጓራ 4ኛ ላይ ፀጥ የሚል ከሆነ የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ የዚያ ማርሽ ጥርስ ነው። በሁሉም ማርሽ እየጮኸ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ብቻ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ፣ ሜዳ ላይ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ፎሌ አድርጓትና ትንሽ ትንሸራተት። አሁንም ካለ ከካምቢዮው ኋላ ፈልጉ፦ ትራንስፈር፣ ትራንስሚሽን፣ ዲፈረንሺያል፣ የጎማ ኩሽኔታ። ሞተሩን ግን እየሄዳችሁ እንዳታጠፉ፤ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳል።

ክሮቸራን ለማወቅ መንዳት አያስፈልግም። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ታኮ አድርጋችሁ፣ ከስር ገብታችሁ ትራንስሚሽኑን በሁለት እጃችሁ ወዲህና ወዲያ ጠምዝዙት። ሁለቱ ሹካዎች መካከል ጣታችሁ ስር ጨዋታ ከተሰማችሁ አልቋል። በኩሽኔታው አፍ ዙሪያ የቡና አተላ የመሰለ ዝገት ካለም ቅባት ካየ ቆይቷል ማለት ነው። ገና ሲጀምረው በእግር ፍጥነት ስትነዱ እንደ ወፍ ጫጩት «ጪር ጪር» ይላል፤ መስታወት ከፍታችሁ ግድግዳ ጥግ ጥግ ሂዱ፣ ድምፁን ግድግዳው ይመልስላችኋል።

ሌላው፣ አስፋልት ላይ ፎር ባይ ፎር አስገብታችሁ ከሆነ መኪናው ማጉረምረሙና ማንሻው አልወጣ ማለቱ ብልሽት አይደለም። ወደ ኋላ ጥቂት ሜትር ሂዱ፣ ይለቃል። መሪ ጨርሳችሁ ስትዞሩ ከፊት ጎማ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ግን የፊቱን መገጣጠሚያ አስከፍቱ።

የእኔዋ 3ኛ ማርሽ ላይ አሁንም ታፏጫለች። ዘይቷን በየ20,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ፣ ሳህኑን አያለሁ፤ ስባሪ እስካላየሁ ድረስ ካምቢዮዋ አይወርድም።